መንግሥት እጁን ይሰብስብ ወይስ ያስገባ? ይህን ክርክር በአግባቡ የመከራከሪያ መመሪያ

የመንግሥት ድርሻ እስከ ምን ድረስ ይሁን በሚል የሚደረግ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ተከራካሪዎቹ ስላልተዘጋጁ አይደለም። አንዱ ስለ ነፃነት፣ ሌላው ስለ ድህነት ይናገራል፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ሰዓቱ ያልቃል። አንዱ ሶቪየት ኅብረትን ያነሣል፣ ሌላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሕፃናትን። አድማጩ ሁለቱንም ሰምቶ የሚመዝነው ነገር ሳያገኝ ይወጣል።

ርዕሱ ግን የሰው ጡረታ፣ መድኃኒት፣ ደመወዝና ነግዶ የመኖር መብት ያለበት ትልቅ ርዕስ ነው፤ እንዲህ ሊባክን አይገባም። ተከራካሪዎች «መንግሥት ይብዛ ወይስ ይነስ» ከሚለው ወጥተው «ይህን አንድ ሥራ መንግሥት ባይሠራው ማን ይሠራዋል? በምን ወጪ? ሲበላሽስ ዕዳው ማን ላይ ይወድቃል?» ወደሚለው መውረድ አለባቸው። ከዚህ በታች ያለው ወደዚያ እንዴት እንደሚወረድ ያሳያል፤ ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ርዕሱን ሦስት ቦታ ክፈሉት

በዚህ ርዕስ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተደርበው ይገኛሉ። አንደኛው መንግሥት ከአገሪቱ ገቢ ምን ያህሉን ይሰብስብ፣ ምን ያህሉንስ ያውጣ የሚል ነው። ሁለተኛው ሰው ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ ሥራ ሲያጣ ማን ይድረስለት የሚል ነው። ሦስተኛው ኩባንያዎች፣ በተለይም ግዙፎቹ፣ በምን ሕግ ይተዳደሩ የሚል ነው። ብዙ ተከራካሪ ሦስቱን እንደ አንድ ጥቅል ተሸክሞ ይነሣል፤ አንዱን የደገፈ ሰው ሁሉንም የደገፈ ይመስለዋል። አገሮች ግን እንዲህ አይኖሩም።

ስዊድንን፣ ዴንማርክንና ኖርዌይን ውሰዱ። ማኅበራዊ ዋስትናቸው ሰፊ ነው፤ ሆኖም አንዳቸውም በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላቸውም። ደመወዝ የሚወሰነው በሠራተኛ ማኅበራትና በአሠሪዎች ድርድር ነው። ወጪውም ከሀብታም ኪስ ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ በሦስቱም አገሮች መደበኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ 25 በመቶ ሲሆን ዝቅተኛ ገቢ ያለውም ይከፍለዋል። ስዊድን የውርስ ግብርን በ2004 መጨረሻ ጭራሽ አስቀርታለች። በሌላ በኩል ሲንጋፖር ከምርቷ አንጻር ሲታይ የመንግሥት በጀቷ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ከነዋሪዎቿ 80 በመቶ የሚጠጉት የሚኖሩት በመንግሥት በተሠሩ ቤቶች ነው፤ ዕድሜው ከ55 ያልበለጠ ሠራተኛም ከአሠሪው ጋር ሆኖ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ የደመወዙን 37 በመቶ ወደ ግዴታ ቁጠባ ያስገባል። እንግዲህ «ሲንጋፖር የበለጸገችው በአነስተኛ መንግሥት ነው» ብሎ የተነሣ ሰው ከተቃራኒው ወገን የሚመጣበትን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

የሐሳቡ ታሪክም እንዲሁ የተጠላለፈ ነው። የጤና መድንን በ1883፣ የሥራ ላይ አደጋ መድንን በ1884፣ የጡረታን ሕግ በ1889 በጀርመን ያወጣው ወግ አጥባቂው ቢስማርክ ነው፤ አንዱ ዓላማው ሠራተኛውን ከሶሻሊስቶች መንጠቅ ነበር። ለድሃ ሰው በግብር ሥርዓቱ በኩል በቀጥታ ገንዘብ ይሰጠው የሚለውን «አሉታዊ የገቢ ግብር» በ1962 ያስተዋወቀው የነፃ ገበያ ተሟጋቹ ሚልተን ፍሪድማን ነው። በአሜሪካ የአየር መንገዶችን የዋጋ ቁጥጥር ያነሣው የ1978 ሕግ ደግሞ በምክር ቤት ብዙ የተገፋው በሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ሲሆን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ካርተር ናቸው፤ ሁለቱም ለማኅበራዊ ዋስትና የሚቆመው ፓርቲ ሰዎች።

ስለዚህ ባዶ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ «የመንግሥት መጠን»፣ «ዋስትና»፣ «ቁጥጥር»። በእያንዳንዱ ዓምድ ሥር ወገናችሁ ምን እንደሚያስቀር፣ ምን እንደሚያስቀምጥ፣ በተነሣው ምትክ ምን እንደሚተካ አንድ አንድ መስመር ጻፉ። ሦስተኛውን መስመር መሙላት ያቃታችሁ ቦታ ላይ ተቃራኒው ወገን ይገባበታል፤ አስቀድማችሁ አስቡበት።

አነስተኛ መንግሥትን የምትደግፉ ከሆነ እዚሁ ላይ አንድ ውሳኔ ይጠብቃችኋል። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና መከላከያ ብቻ ያለው መንግሥት ነው የምትሉት ወይስ ከዚያ በላይ ለሁሉም የሚሆን ዝቅተኛ የኑሮ ወለል የሚፈቅድ? የመጀመሪያው ከመነሻ እስከ መድረሻ ወጥ ነው፤ ነገር ግን ወላጆቹን ላጣና ዘመድ ለሌለው ልጅ መልስ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ሁለተኛው ለመከላከል ይቀላል፤ ነገር ግን መስመሩ ለምን እዚያ ላይ እንደተሰመረ ማስረዳት አለበት። ከሁሉ የከፋው በመጀመሪያው ንግግር ጥብቁን፣ በሁለተኛው ልልውን መያዝ ነው። ዳኛ ይህን ወዲያው ያያል።

ከመናገር በፊት ያሉት 15 ደቂቃዎች

በብሪታንያ ፓርላማ ዓይነት ክርክር ርዕሱ ከተሰጠ በኋላ 15 ደቂቃ ዝግጅት፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 7 ደቂቃ ይፈቀዳል። በሌላ ዓይነት መድረክ ብትሆኑም ይህ ልኬት ጥሩ መለማመጃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች ለጭብጡ ብቻ ስጡ፦ ሁለቱ ወገኖች በትክክል የማይስማሙበት ነገር ምንድን ነው? ቀጣዮቹን 7 ደቂቃዎች ለሁለት ነጥቦች አውሉ፤ ለሦስት አይደለም። ሦስተኛው ነጥብ ሁልጊዜ ሳይብራራ ይቀርና የሁለቱን ጊዜ በልቶ ይሄዳል። 3 ደቂቃ ለተቃራኒው ወገን ምርጥ ነጥብ መልስ ለማዘጋጀት፣ የቀረውን 2 ደቂቃ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ለመጻፍ።

ርዕሱ «መንግሥት ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ይከፋፍል» የሚል ከሆነ ስለ ጡረታ አንድም ቃል አያስፈልግም። ርዕሱ ሰፊ ከሆነ ግን የመክፈቻው ተናጋሪ ማጥበብ ግዴታው ነው፤ ሚዛናዊ አድርጎ ያጥብበው እንጂ ሌላው ወገን መከራከር እስኪያቅተው አያጥበው። «ቁጥጥር ስንል የዋጋ፣ የገበያ መግቢያ ፈቃድና የደኅንነት ቁጥጥር ማለታችን ነው» ብሎ ሦስቱን መለየት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይፈጃል፤ ከክርክሩ ግማሹን ግን ያጠራዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንድ መሥሪያ ቤት ቲኬት በስንት ይሸጥ ብሎ መወሰኑና የአውሮፕላን ክንፍ መሰንጠቁን መመርመሩ በጣም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በ1978ቱ ሕግ የተነሣው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው አልተነካም።

የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ እንደሆነም ተናገሩ። ለውጥ የሚጠይቅ ወገን ሸክሙን ይሸከማል። «መንግሥት ጣልቃ ካልገባ በስተቀር ነፃነት ነው» ወይም «ካልተቆጣጠረ በስተቀር ብዝበዛ ነው» ብሎ ሸክሙን በዝምታ ወደ ሌላው መግፋት በጀማሪ ላይ ይሠራል፤ በበሰለ ተከራካሪ ላይ አይሠራም።

ለአነስተኛ መንግሥት ስትቆሙ

ብዙዎች ከመብት ይጀምራሉ፦ የላቤን ፍሬ ያለ ፈቃዴ መውሰድ ተገቢ አይደለም። ክቡር ነጥብ ነው፤ በ7 ደቂቃ ንግግር ውስጥ ግን ብቻውን አይቆምም፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት ራሳቸው በግብር የሚተዳደሩ ስለሆነ። በአንድ ደቂቃ ተናግራችሁት ወደ ጠንካራው መሣሪያችሁ እለፉ።

ያ መሣሪያ ተቆጣጣሪው በሚቆጣጠረው ኢንዱስትሪ እጅ መውደቁ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር በ1971 ያቀረበው ትንተና የሚለው ይህንኑ ነው፦ አንድ ደንብ በጥቂት ኩባንያዎች ላይ ብዙ ጥቅም ያመጣል፣ ጉዳቱ ግን በሚሊዮኖች ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይበተናል። ኩባንያው ጠበቃ ቀጥሮ ቀኑን ሙሉ ደንቡን ይከታተላል፤ በዓመት ጥቂት ገንዘብ የሚጎዳው ተራ ሰው ግን ደንቡ መኖሩንም አያውቅም። ውጤቱን በሁለት ምሳሌ አሳዩ። የአሜሪካ ሲቪል አየር ቦርድ ከ1938 እስከ 1978 በዋና ዋናዎቹ መስመሮች ላይ አንድም አዲስ ትልቅ አየር መንገድ እንዲገባ አልፈቀደም፤ አርባ ዓመት ሙሉ። በኒውዮርክ ከተማ ደግሞ የታክሲ ፈቃድ ቁጥር ከ1937 ጀምሮ ተገድቦ በመቆየቱ የአንዱ ፈቃድ ዋጋ በ2014 ገደማ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ያንን ገንዘብ የሚከፍለው በመጨረሻ ተሳፋሪውና የሰው መኪና ተከራይቶ የሚያሽከረክረው ሹፌር ነበር።

ከዚያ ሒሳቡን አስከትሉ። አንድ አዲስ ደንብ ለማንኛውም ድርጅት በዓመት 200,000 ዶላር የሒሳብና የሕግ ባለሙያ ወጪ ያስከትላል እንበል። ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ዶላር ለሆነ ድርጅት ይህ ከሽያጩ 10 በመቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከትርፉ ይበልጣል። ሽያጩ 2 ቢሊዮን ለሆነ ኩባንያ ግን 0.01 በመቶ ብቻ ነው። ግዙፉ ኩባንያ «ተቆጣጠሩኝ» እያለ ሲጠይቅ ብትሰሙ አይግረማችሁ። ይህ ነጥብ የሚያምርበት ምክንያት የተቃራኒውን ወገን የራሱን ስጋት፣ የግዙፎችን ኃይል፣ ይዞ መልሶ እሱኑ ስለሚጠይቀው ነው።

እዚህ ወገን ላይ በብዛት የሚታየው ድክመት «ገበያው ራሱን ያርማል» ብሎ ማለፍ ነው። እንዴት ያርማል? ጉዳቱን ማን ያየዋል? ተፎካካሪ እስኪገባ ስንት ጊዜ ይፈጃል? እስከዚያ ስንት ሰው ይጎዳል? ስታንዳርድ ኦይል በ1880 ገደማ የአሜሪካን የነዳጅ ማጣሪያ 90 በመቶ ያህል ይዞ ነበር፤ ፍርድ ቤት በ1911 ወደ 34 ኩባንያዎች እንዲከፋፈል ሲወስን ድርሻው ቀድሞውኑ ወደ 65 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር፤ የኬሮሲን ዋጋም በዚያ ዘመን በጣም ቀንሷል። ይህን ስትጠቅሱ ግን ድርሻው እስኪወርድ ሠላሳ ዓመት እንደፈጀም ራሳችሁ ተናገሩት። ካልተናገራችሁት ሌላው ይናገረዋል፤ ያኔ የደበቃችሁ ይመስላል።

ለዋስትናና ለቁጥጥር ስትቆሙ

እዚህ ወገን ላይ ትልቁ ፈተና ርኅራኄን እንደ ማስረጃ ማቅረብ ነው። «ድሆች እየተሰቃዩ ነው» ማለት ችግሩን እንጂ መፍትሔውን አያስረዳም፤ ተቃራኒው ወገንም ድህነትን አይወድም። የእናንተ ሥራ ገበያው ለምን በዚህ ቦታ ላይ እንደማይሠራ በአሠራሩ ማሳየት ነው።

የጤና መድንን በቁጥር አሳዩ። በአንድ የጋራ መድን የታቀፉ 100 ሰዎች አሉ እንበል። 90ዎቹ ጤነኞች በዓመት እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር፣ 10ሩ ሕሙማን እያንዳንዳቸው 31,000 ዶላር የሕክምና ወጪ አለባቸው። ጠቅላላው 400,000 ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው 4,000 ይደርሰዋል። 1,000 ብቻ የሚያወጣው ጤነኛ ግን «ለምን 4,000 እከፍላለሁ?» ይላል። 60 ጤነኞች ቢወጡ 30 ጤነኞችና 10 ሕሙማን ይቀራሉ፤ ወጪው 340,000 ለ40 ሰው ሲካፈል ክፍያው 8,500 ይሆናል። ቀጥሎ የቀሩትም ይወጣሉ። ማንም ክፉ ሰው የለበትም፣ ማንም አላጭበረበረም፤ ገንዳው ግን ደረቀ። ሁሉም እንዲገባ ማስገደድ ወይም በግብር መሸፈን ለምን እንዳስፈለገ ይህ ስሌት ከማንኛውም ስሜታዊ ንግግር በላይ ያስረዳል። (ተቃራኒው ወገን «በአነስተኛ ክፍያ ለከባድ ሕመም ብቻ የሚሆን መድን ይኑር» ብሎ ይመልሳል፤ ጥሩ መልስ ነው። የማያቋርጥ ሕመም ይዞ የተወለደው ሰው በዚያ ውስጥ በስንት እንደሚገባ ጠይቁት።)

ሁለተኛው ነጥብ ጉዳቱ በሦስተኛ ወገን ላይ ሲያርፍ ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር። ጭሱ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ነገር ግን አንድ እናት የልጇን ጉዳት ከየትኛው መኪና፣ ከየትኛው ማደያ እንደመጣ ለይታ ልትከስ አትችልም። ሻጩም ገዢውም ተስማምተዋል፤ የሚጎዳው ውሉ ውስጥ የለም። መንግሥታት በየተራ እየከለከሉት በ2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ አገር ሆና ለመኪና መሸጡን አቆመች። «በፍርድ ቤት ካሣ ይጠየቅ» የሚለው የአነስተኛ መንግሥት መልስ ጉዳት አድራሹና ተጎጂው ጥቂት ሲሆኑ ይሠራል፤ ሚሊዮን በሚሊዮን ሲሆን አይሠራም። ድንበሩን እዚህ ላይ አሳዩ።

ስለ ተቆጣጣሪው መጠለፍ የሚመጣባችሁን ጥቃት «ጥሩ ባለሥልጣን እንሾማለን» ብላችሁ አትመልሱ። በአደረጃጀት መልሱ፦ ደንቡ በየተወሰነው ዓመት እንደገና ካልጸደቀ ራሱ እንዲሻር፤ ተቆጣጣሪው ከኩባንያዎች ጋር ያደረገው ስብሰባ ሁሉ ለሕዝብ እንዲታይ፤ ባለሥልጣኑ ከሥልጣኑ ወርዶ ወደዚያው ኢንዱስትሪ ከመቀጠሩ በፊት የጥበቃ ጊዜ እንዲኖር፤ የትንንሽ ድርጅቶች ግዴታ በመጠናቸው ልክ እንዲሆን። የመጨረሻው የ200,000 ዶላሩን ስሌት በቀጥታ ይመልሳል።

ሁለት ስለት ያላቸው ማስረጃዎች

በዚህ ርዕስ ውስጥ ትልልቆቹ ማስረጃዎች ሁሉ ሁለቱንም ወገን ይቆርጣሉ። ይህን የማያውቅ ተከራካሪ በራሱ ምሳሌ ይወድቃል።

ታሊዶማይድን ተመልከቱ። መድኃኒቱ በምዕራብ ጀርመን ከ1957 ጀምሮ ለእንቅልፍ የተሸጠ ሲሆን ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር፤ በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የእጅና የእግር ጉድለት ይዘው ተወለዱ። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዋ ፍራንሲስ ኬልሲ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ብላ በመያዟ ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ። የቁጥጥር ደጋፊ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የወጣው የ1962 ሕግ መድኃኒት ፈዋሽነቱ እንዲረጋገጥ ስላስገደደ አዳዲስ መድኃኒቶች ለሕመምተኛ የሚደርሱበት ጊዜ ረዘመ። በ1988 የኤድስ ሕሙማንና ደጋፊዎቻቸው የዚያኑ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በር ከበው «ስትመረምሩ እኛ እየሞትን ነው» የሚል ተቃውሞ አሰምተዋል። መድኃኒቱ ያቆሰለው ሕፃን ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መድኃኒቱ ዘግይቶበት የሞተው ሰው ግን በየትኛውም ፎቶግራፍ ላይ የለም። ሁለቱንም ተጎጂ የሚቆጥር ተከራካሪ አድማጩን ያሸንፋል፤ ይህን ከልባችን እንላለን፣ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና።

የ2008ቱን የፋይናንስ ቀውስ የቁጥጥር ደጋፊዎች ወዲያው ይመዙታል፤ በ2000 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ዴሪቬቲቭ የሚባሉትን (እንደ ብድር ኪሣራ መከላከያ ያሉ) የፋይናንስ ውሎች ግዙፍ ገበያ ከቁጥጥር ውጭ ማድረጉን ይጠቅሳሉ። ሌላው ወገን በመንግሥት ድጋፍ የቆሙትን የቤት ብድር ተቋማት ፋኒ ሜይንና ፍሬዲ ማክን፣ እንዲሁም ትልልቅ ባንኮች ቢወድቁ መንግሥት ያነሣቸዋል የሚለውን እምነት ይጠቅሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የካሊፎርኒያ የኤሌክትሪክ ቀውስ (2000–2001) ደግሞ ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው፦ የጅምላው ዋጋ ተለቀቀ፣ የችርቻሮው ዋጋ ግን ታስሮ ቀረ። አከፋፋዮች በውድ ገዝተው በርካሽ እንዲሸጡ ተገደዱ፤ ነጋዴዎች ገበያውን አጭበረበሩ፤ ከታላላቆቹ አከፋፋዮች አንዱ በ2001 ኪሣራ አወጀ። «ነፃ ገበያ ከሸፈ» ወይም «ቁጥጥር ከሸፈ» ብላችሁ አትጩኹ፤ ግማሹን ለቆ ግማሹን ማሰር ከሁለቱም የከፋ መሆኑን አስረዱበት።

የቦይንግ 737 ማክስንም አንዳንዶች ያነሡታል። በ2018 እና በ2019 በደረሱት ሁለት አደጋዎች 346 ሰዎች ሞተዋል። የደኅንነት ማረጋገጫው ሥራ ትልቁ ክፍል ለኩባንያው ለራሱ ሠራተኞች ተላልፎ እንደነበር በምርመራ ተረጋግጧል። አንዱ ወገን «ተቆጣጣሪ ነበረ፣ አላዳነም» ይላል፤ ሌላው «የተበላሸው ተቆጣጣሪው ሥራውን ያስረከበበት ቦታ ላይ ነው» ይላል። ይህን ምሳሌ የምታነሡ ከሆነ በአክብሮት አንሡት፤ አዳራሹ ውስጥ ቤተሰብ ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል።

የድጎማ ሒሳብ

ስለ ማኅበራዊ ዋስትና የሚከራከር ሰው አንድ ስሌት በእጁ መያዝ አለበት። አንድ ድጎማ የሚቀበል ሰው ተጨማሪ 1,000 ዶላር ሠርቶ አገኘ። 20 በመቶ ግብር 200 ይወስዳል። ድጎማው በ60 በመቶ ልክ ሲቀነስበት 600 ይሄዳል። በእጁ የሚቀረው 200 ነው። በዚህ ላይ የቤት ኪራይ ድጎማው በ30 በመቶ ቢቀነስ 300 ይሄዳል፤ ሰውየው 1,000 ሠርቶ 100 ከሠረ ማለት ነው። «ድጎማ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል» የሚለው ሐረግ ስድብ ነው፤ ይህ ስሌት ግን ክርክር ነው። መልሱም በስሌቱ ውስጥ አለ፤ ቅነሳዎቹን አዋህዶ ማለዘብ።

የፍሪድማንን አሉታዊ የገቢ ግብር በቁጥር ብትሞክሩት የወለሉ መጠን፣ የቅነሳው ፍጥነትና ወጪው እንዴት እንደሚጎታተቱ ይታያል። ምንም ለሌለው በዓመት 6,000 ዶላር ይሰጥ፣ ከእያንዳንዱ የተሠራ ዶላር 50 ሣንቲም ይቀነስ እንበል። 4,000 የሠራ ሰው 4,000 ድጎማ ያገኛል፤ ድምሩ 8,000። ድጎማው የሚያልቀው ገቢው 12,000 ሲደርስ ነው። ለሥራ የበለጠ እንዲያበረታታ ቅነሳውን ወደ 25 ሣንቲም ብታወርዱት ደግሞ ድጎማው እስከ 24,000 ድረስ ይዘልቃል፤ የሚደጎመው ሕዝብ ይበዛል፣ ወጪው ያሻቅባል። ከፍ ያለ ወለል፣ ለስላሳ ቅነሳና አነስተኛ ወጪ ሦስቱም በአንድ ጊዜ አይገኙም። ተቃራኒው ወገን ሦስቱንም ቃል ከገባ የትኛውን እንደሚተው ጠይቁት፤ መልሱ ምንም ይሁን ምን ጠቃሚ ነው።

የአገር ንጽጽር ላይ ተጠንቀቁ። ሀብታም አገሮች በአማካይ ከድሃ አገሮች ይልቅ ከምርታቸው ከፍ ያለውን ድርሻ በግብር ይሰበስባሉ። ይህ ግብር ያበለጽጋል ማለት አይደለም፤ የበለጸገ አገር መሰብሰብም ስለሚችል፣ ሕዝቡም አገልግሎት ስለሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው «እገሌ አገር ቁጥጥር ቀነሰ፣ አደገ» የሚለውም በዚያው ዓመት የተለወጠውን ሌላ ነገር ሁሉ ይዘላል። አንድን አገር ከራሱ የቀድሞ ሁኔታ ጋር፣ በአንድ ዘርፍ ብቻ ማነጻጸር ይሻላል።

መልስና ጥያቄ

መልስ ስትሰጡ የተቃራኒውን ነጥብ እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚልበት መልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ድገሙት። ከዚያ የምትስማሙበትን ክፍል ተቀበሉ፣ የሚሰበርበትን አንድ ቦታ አሳዩ፣ ቢሰበር ምን እንደሚከተል ተናገሩ። በ40 ሰከንድ ያልቃል። ሦስት የተቃራኒ ነጥቦች ላይ እንዲህ ማድረግ ሰባት ነጥቦችን ከመቧጨር እጅግ ይሻላል።

በንግግር መሃል የሚነሣ ጥያቄ ከ15 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ በ7 ደቂቃው ንግግር ውስጥ የሚፈቀደውም ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላና ከመጨረሻው ደቂቃ በፊት ነው። አነስተኛ መንግሥትን ለሚደግፍ ተናጋሪ፦ «አንድ ኩባንያ ወንዝ ቢበክልና 50,000 ሰው በትንሽ በትንሹ ቢጎዳ ክሱን ማን ያቀርባል፣ ወጪውንስ ማን ይከፍላል?» ለቁጥጥር ደጋፊ፦ «ከምትደግፉት ደንብ ውስጥ ግዙፉ ኩባንያ ራሱ የጠየቀው የትኛው ነው?» እነዚህ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» አይመለሱም፤ የተናጋሪውን አሠራር ግልጽ እንዲያደርግ ያስገድዳሉ። «ለድሃ አታዝኑም?» ወይም «ኮሚኒስት ናችሁ?» የሚሉት ግን የጠያቂውን ጊዜ ይበላሉ፤ አዳራሹንም ያስቆጣሉ።

የመጨረሻው ንግግር

የመዝጊያ ተናጋሪ አዲስ ነጥብ አያመጣም። በክርክሩ ውስጥ በእርግጥ የተጋጩትን ሁለት ጥያቄዎች ለይቶ ማን እንዳሸነፈባቸው ያሳያል። መለኪያዎቹን ጮክ ብሎ ይጥራቸው፦ ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው ብዛት፣ የጉዳቱ ክብደት፣ መመለስ መቻሉ፣ የመከሰቱ እርግጠኛነት። አንዱ ወገን በብዛት፣ ሌላው በክብደት ቢያሸንፍ የትኛው እንደሚበልጥና ለምን እንደሆነ መናገር የዚህ ተናጋሪ ዋና ሥራ ነው። በመድኃኒቱ ምሳሌ ላይ ቢሆን እንዲህ ይላል፦ «የዘገየ ፈቃድ ነገ ሊፋጠን ይችላል፤ ያለ እጅ የተወለደ ልጅ ግን እጅ አያበቅልም። ስለዚህ ጥርጣሬ ባለበት መዘግየቱን እንመርጣለን፤ ሞት ደጃፍ ላይ ላለ ሕመምተኛ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፣ ለእሱ የተለየ በር እንከፍታለን።» ተቃራኒው ወገን ደግሞ በዚያው ሚዛን ላይ ይነሣል፦ በር የሚከፈተው ለስንቱ ነው፣ የሚወስነውስ ማን ነው፣ ሕመምተኛው ራሱ ለምን አይወስንም?